ሟቹ ያልመጣበት ለቅሶ

ማሪዴል ከጓዳ ስትወጣ አጎቷ ኔስቶር ጫጩቱን ከወንድሟ የሬሳ ሣጥን መስተዋት ላይ አንስቶ የጫማ ካርቶን ውስጥ ሊከተው ሲል ደረሰችበት። ሄዳ እጁን በሁለት እጇ ያዘችው። ገና መንጋቱ ነበር። ካርታ ሲጫወቱ ያደሩ ሁለት የሰፈር ሽማግሌዎች ከቀበሌ በተዋሱት የፕላስቲክ ወንበር ላይ እንደተቀመጡ አንገታቸውን ደፍተው ያንኮራፋሉ፤ ከድንኳኑ ሸራ ጠርዝ የሌሊቱ ዝናብ ጠብ ጠብ ይላል። እናቷ ሎሬታ ከሣጥኑ ራስጌ ተቀምጣ ነበር። ወንድሟን ኔስቶርን አየችው፣ ልጇን አየቻት፣ ከዚያ ዓይኗን ወደ ሻማዎቹ መለሰች። ለቅሶው ከተጀመረ ወዲህ የሁሉንም ሰው ፊት እንዲህ እያየች አልፋለች፤ ቃል ግን አልወጣትም። በመጨረሻ አጎትየው እጁን ላላ አደረገ። ጫጩቱ መስተዋቱ ላይ ወረደ፣ ተንገዳገደ፣ የተበተነለትን ሩዝ መልቀም ጀመረ። የመንቆሩ ጠቅታ ከዝናቡ ጠብታ ጋር እየተቀላቀለ በጠባቡ መንገድ ላይ ተሰማ።

ጫጩቱ አረንጓዴ ነበር። ማሪዴል ገበያውን ብታስስ ያገኘችው ለልጆች መጫወቻ ቀለም የተነከረ ብቻ ሆነባትና፣ ቀይ ወይም ሐምራዊ ከሚሆን ብላ አረንጓዴውን ገዛች። በሌላ ቀን ቢሆን ሰፈሩ በሳቅ ይሞት ነበር። አሁን ግን ማንም አልሳቀም። በዚህ በናቮታስ ከተማ ሣጥን ላይ ጫጩት የሚቀመጠው ሟቹ በሰው እጅ የሞተ እንደሆነ ነው፤ መስተዋቱን በነቆረ ቁጥር የገዳዩን ሕሊና ይነቁራል። ፖሊስ ደግሞ ኤልመር ጠጥቶ ቦዩ ውስጥ ወደቀ፣ ሰመጠ ብሎ ጉዳዩን ዘግቷል። ስለዚህ ያ ጫጩት እዚያ እስከቆመ ድረስ፣ የሎሬታ ቤት ፖሊስን ውሸታም፣ ከሰፈሩ ሰው አንዱን ደግሞ ነፍሰ ገዳይ እያለ መንገድ ላይ ቆሞ መጮኹ ነው።

«ማታ የበረዶ ፋብሪካው አለቃ፣ ኢንጂነሩ ራሱ፣ ለቅሶ ሊደርስ ይመጣል» አለ ኔስቶር ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አበባ ይዞ። ይሄን ጎመን የመሰለ ነገር ሲያይ ምን ይበል?»

«ኩያ ኤልመር አልሰመጠም፣ ቲዮ።» ታላቅ ወንድሟን አፏን ስትፈታ ጀምራ ኩያ፣ አጎቷንም ቲዮ ነው የምትለው፤ ኤልመር ሞተ ብላ አልቀየረችውም።

«ውሃ ውስጥ ነው የተገኘው፣ ልጄ።»

«ውሃ ውስጥ የተገኘ ሁሉ አይሰምጥም። ቦዩ ዳር ነው ያደገው።»

አጎቷ ካርቶኑን ብብቱ ሥር አደረገ። «እንግዲህ እስከ ማታ» አለና ሄደ።

ኔስቶር ክፉ ሰው አይደለም። ሁለቱ ልጆቹ በረዶ ፋብሪካው ውስጥ ይሠራሉ፣ ሚስቱም እዚያው በር ላይ የተጠበሰ ሙዝ ትሸጣለች። ማሪዴል ትናንት ከእራት በኋላ ባልና ሚስቱ እቃ ሲያጥቡ ሲነጋገሩ ሰምታቸዋለች። ሣጥኑን የላከው ፋብሪካው ነው፣ ድንኳኑንም ፋብሪካው፣ ነገ ጠዋት ወደ መቃብር የሚወስደውን መኪናም ፋብሪካው። ኤልመር ግን የፋብሪካው ሠራተኛ አልነበረም፤ በሩ ላይ ባጃጅ እየነዳ ሰው የሚያመላልስ ሹፌር እንጂ። ይህን ሁሉ ደግነት ምን አመጣው ብሎ የጠየቀ የለም። ሚስትየው፣ ጫጩቱ ከወረደ ሁሉም በሰላም ያልቃል፣ ካልወረደ ግን የልጆቻችንን ነገር አንተ ታውቃለህ አለችው። ኔስቶር፣ የእህቴ ልጅ እኮ ነው አላት። ከዚያ በኋላ የተሰማው የድስት መፋቂያው ድምፅ ብቻ ነበር።

ማሪዴል ለማንም ያልነገረችው አንድ ነገር አለ። ኤልመር በሞተበት ምሽት፣ አንድ እግሩን ወንበሩ ላይ አውጥቶ ሩዙን ሲበላ፣ የወደደችው ልጅ እንዳለ ነገረችው። ከማን ወገን ነው አላት። ከበረዶ ፋብሪካው፣ ሌሊት በረዶ የሚጭነው አለችው። ኤልመር ሳቀ፤ እስቲ ይሄን ቀዝቃዛ ሰውዬ ሄጄ ልየው፣ ለእህቴ የሚሆን ወገብ እንዳለው ላረጋግጥ ብሎ እጁን ታጠበና ወጣ። መጠጥ ቤት አልሄደም፣ አልጠጣም። ወደ ፋብሪካው ነው የሄደው። ይህን ብትናገር ጣት የሚጠቆመው መጀመሪያ በዚያው በወደደችው ልጅ በጆሪክ ላይ መሆኑን ስላወቀች አፏን ዘግታ ጫጩት ገዛች።

ደግሞ ሌላ ነገር አለ፤ ማሪዴል ሙታንን ታያለች። ይህንንስ ሰፈሩ ያውቃል፤ እንደ ግራኝነት ያለ ነገር አድርገው ነው የሚቆጥሩት። በጎርፉ የሞቱት የፊት ለፊት ጎረቤት ለሳምንት ያህል በራቸው ላይ ቆመው ነጠላ ጫማቸውን ሲፈልጉ አይታ ለልጃቸው ነገረቻት፤ ልጅቷም ጫማውን በር ላይ አስቀመጠችላቸውና ነገሩ አበቃ። ኤልመር በዚህ ይቀልድባት ነበር። «ሬዲዮዋ» ይላታል፤ «ዛሬስ የትኛው ጣቢያ ገባልሽ?» ስለዚህ ሲሞት ይመጣል ብላ ጠበቀችው። ሙት ሁሉ የራሱን ለቅሶ ያያል፤ ማን መጣ፣ ማን ቀረ፣ ማን ብስኩቱን በኪሱ ከተተ እያለ በወንበሮቹ መሃል ይንጎራደዳል። ኤልመር ግን አልመጣም። ጓደኞቹ ጊታር ሲመቱ አልመጣም። እናቱ ልብሱን እያጠፈች ስትዘረጋ አልመጣም። ሣጥኑ ውስጥ ያለው ጥሩ ተደርጎ የተቀባባ ፊት ነው፤ ሰውየው የለበትም። ነገ ደግሞ ሊቀበር ነው።

ጆሪክ ረፋዱ ላይ ለለቅሶተኛው መጠጥ የሚሆን በረዶ በጆንያ ተሸክሞ መጣ። ዕድሜው ከእሷ ብዙም አይርቅም፤ ትከሻው ሰፊ፣ ጣቶቹ በፀሐይ መሃል እንኳ የሚቀዘቅዙ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሰው ሳያይ እጁን ማጅራቷ ላይ ያሳርፍና ትዘል ነበር። ዛሬ ጆንያውን አወረደ፣ ሣጥኑን ሳያይ አማተበ፣ ሊወጣ ሲል ከቤቱ ጀርባ ባለው የልብስ ማጠቢያ ቦታ ጠብቃ ያዘችው። ዓይኑ በርበሬ መስሏል።

«አልተኛህም» አለችው።

«አንቺም አልተኛሽም።»

«እኔ ለቅሶ ላይ ነኝ። አንተ ምን ሆንክ?»

ጆሪክ ገመዱ ላይ የተሰጣውን ልብስ ሲያይ ቆየ። «እኛ ቤት ነው ያለው» አለ።

ማን ብላ አልጠየቀችም። የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀመጠች። እሱም እየተንተባተበ ነገራት። ከለቅሶ የወጣ ሰው ቀጥታ ቤቱ አይገባም፤ ዳቦ ቤት ይቆማል፣ ቆሞ ሻይ ይጠጣል፣ የማይገዛውን ጫማ ዋጋ ይጠይቃል፣ ተከትሎት የመጣ ሙት ካለ እዚያ አራግፎት ይሄዳል። ጥግ ላይ ያለው ዳቦ ቤት በለቅሶ ሰሞን የሚደራው በዚሁ ነው። ጆሪክ በመጀመሪያው ምሽት ከዚህ ድንኳን ወጥቶ የትም ሳይቆም ቀጥታ ቤቱ ገባ። በማግስቱ ከበሩ እስከ ጠረጴዛው ድረስ የእርጥብ እግር ኮቴ ነበር። ከጠረጴዛው ሁለት ወንበሮች አንዱ በየጠዋቱ ውሃ ያዘለ ሆኖ ይገኛል። አባቱ ወንበሩን ያደርቁታል፣ ተመልሶ ይረጥባል። አባቱ እንቅልፍ የሚባል አያውቁም፤ ተቀምጠው ባዶውን ወንበር ሲያዩ ያድራሉ።

«ሕፃን እንኳ የማይረሳውን እንዴት ትረሳለህ?» አለችው።

ወዲያው ሌላ ነገር መጣባት። ሰፈሩ በአክብሮት ማንግ ቱሪንግ የሚላቸው የጆሪክ አባት የፋብሪካው ዘበኛ ናቸው። ዝናብ ሲሆን ኤልመር በባጃጁ ቤታቸው ያደርሳቸው ነበር፤ ሰፈሩ በሙሉ ለቅሶ ሲደርስ እሳቸው ግን እስካሁን አልመጡም። ጫጩት ካለበት ሣጥን ፊት መቆም ያልፈለገ ሰው ለምን እንደማይፈልግ ለማወቅ ብዙ መማር አያስፈልግም። ያን ምሽት ኤልመርን ወደ ፋብሪካው ምን እንደወሰደው ያን ጊዜ ነገረችው። ጆሪክ ፊቱ አመድ መሰለ።

«እኔ ጋ አልደረሰም» አለ። «ሌሊቱን ሙሉ በረዶ ስጭን ነበር፣ ማሪዴል። እኔ ጋ አልደረሰም።»

«አውቃለሁ።» ተነሳች፤ ቀሚሷን አራገፈች። «ሄጄ ላመጣው ነው። ባዶ ሣጥን አንቀብርም።»

የእነ ጆሪክ ቤት ከፋብሪካው ጀርባ ነው፣ ፋብሪካው ለሠራተኞቹ በተርታ ከሠራቸው አንዱ። ግድግዳው ከበረዶ ክፍሉ ጋር ስለሚዋሰን ዓመቱን ሙሉ ያልበዋል፤ የማቀዝቀዣው ጋዝ ሽታም ከመጋረጃው አይለቅም። አንድ ክፍል ናት። በሽቦ የታሰረ ቬንቲሌተር፣ የሕፃኑ ኢየሱስ ምስል፣ በፊቱ የደበዘዘ የፕላስቲክ አበባ፣ ሚስማር ላይ የተሰቀለ የጥበቃ ሸሚዝ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር። ማንግ ቱሪንግ በካናቴራ ተቀምጠው ሩዝና ደረቅ ዓሣ ፊታቸው አለ፤ አልተነካም። ማሪዴል ጆሪክን አስከትላ በሩን ስትከፍት ቀና ብለው በልማድ «እንብላ» አሏት። ካሉ በኋላ ማን መሆኗን አወቁ፣ እጃቸውም ሳህኑ ጠርዝ ላይ ቀረ።

ሁለተኛው ወንበር ላይ ንጹሕ ፎጣ ተነጥፏል። ፎጣው ላይ ኤልመር ተቀምጧል። አንድ እግሩን ወንበሩ ላይ አውጥቶ፣ ክንዱን ጉልበቱ ላይ ጥሎ፣ ቤቱ ሩዝ ሲበላ እንደሚቀመጠው። ከፀጉሩ የቦይ ውሃ ይወርዳል፤ ከጆሮው ኋላ ያለው ቦታ ጠቁሯል። የተቆጣ አይመስልም። ተራው እስኪደርስ ወረፋ የሚጠብቅ ሰው ነው የሚመስለው። ማሪዴል ሳምንቱን ሙሉ ያቆየችውን ለቅሶ ለነገ ተወችው።

«ኩያ» አለች ወደ ወንበሩ። «እሳቸው ናቸው?»

ኤልመር ቅንድቡን ከፍ አደረገ። አዎ ማለት ሲፈልግ አፉን ከመክፈት ቅንድቡን ማንሳት ይቀለው ነበር።

ማንግ ቱሪንግ እሷን አዩ፣ ወንበሩን አዩ። «እዚያ ነው ያለው አይደል?» አሉ። «አይታየኝም። ውሃው ብቻ ነው የሚታየኝ። እንዳይበርደው ብዬ ነው ፎጣውን...» አልጨረሱትም።

«ልወስደው ነው የመጣሁት» አለች።

«ውሰጂው፣ ልጄ። እኔ አልያዝኩትም።»

«ብቻውን አይመጣም።»

ማንግ ቱሪንግ ዓሣው ላይ ያረፈውን ዝንብ አባረሩ። ሲናገሩ ድምፃቸው ቀስ ያለ ነበር፤ ደጋግመው ለራሳቸው የነገሩት መሆኑ ያስታውቃል። ሰሞኑን ሌቦች በቦዩ በኩል እየገቡ የመዳብ ሽቦ ይቆርጡ ነበር። ያን ምሽት በዝቅተኛው አጥር ሰው ሲዘል ሰሙ፤ አልጠየቁም፣ መብራት አላበሩም፤ በብረት ዘንጉ ከኋላው መቱት። አንድ ጊዜ ብቻ። ባትሪውን ሲያበሩ በዝናብ ቤታቸው የሚያደርሳቸው ልጅ ነው። ማሪዴል ወንድሟ ለምን በበሩ እንዳልገባ ገባት፤ ጆሪክን በአባቱ ፊት እንዳያሳፍረው ብሎ ነው፣ በር ላይ ያሉት አባቱ ናቸውና። ማንግ ቱሪንግ ለኢንጂነሩ ደወሉ። ኢንጂነሩ በቤት ጫማ መጣ፣ አየ፣ ቦዩንም አየ። ይህ የምትኖርበት ቤት የማን ነው፣ ቱሪንግ ብሎ ጠየቃቸው፤ ልጅህስ የት ነው የሚሠራው? ሌላ ምንም አላለም። ኢንጂነሩ የኤልመርን ትከሻ፣ እሳቸው እግሩን ያዙ፤ ቦዩ ውስጥ ከተቱት።

«ሰው እንዲህ ይቀጣል ብዬ አላሰብኩም» አሉ። «ዳቦ ቤት አንድ ደቂቃ ቢቆም እኮ እንተርፍ ነበር። ይሄ ልጅ ረስቶ ይዞብኝ ገባ።»

«አልረሳሁም» አለ ጆሪክ ከበሩ።

አባትየው ዞሩ።

«ያን ዕለት ጠዋት ሸሚዝህን ራስህ ስታጥብ አየሁህ» አለ ጆሪክ። «በሕይወትህ ካልሲ አጥበህ አታውቅም። ልጠይቅህ ፈለግሁ፣ አባ፤ አፌ እምቢ አለኝ። እሱ ራሱ ይጠይቅህ ብዬ ነው ያመጣሁት።»

ማሪዴል ጆሪክን አየችው። ወንድሟን ሳምንት ሙሉ ከእናቱ ለይቶ እዚህ አስቀምጦታል፤ ደግሞም ከሰፈሩ ሁሉ ስለ ኤልመር አንድ ነገር ያደረገ እሱ ብቻ ነው። ልትመታው ፈለገች፣ ልታቅፈውም ፈለገች፤ ለሁለቱም ፋታ አልነበራትም።

«ኢንጂነሩ አመሻሽ ላይ እኛ ቤት ይመጣል» አለች ለማንግ ቱሪንግ። «አበባ ይዞ። አጎቴ ጫጩቱን ያወርድለታል፣ ነገ ወንድሜ ሰምጦ የሞተ ሰካራም ሆኖ ይቀበራል። እርስዎ አሁን ከእኔ ጋር ይመጣሉ። የነገሩኝን ለእናቴ ይነግሯታል።»

«ቤቱን ይወስድብናል።»

«ይውሰደው» አለ ጆሪክ። «ማን ሊተኛበት ነው?»

ማንግ ቱሪንግ ተነሱ። ሸሚዙን ከሚስማሩ አውርደው ለበሱ፣ ቁልፎቹን እስከ አንገት ቆለፉ፣ ሳህኑን ዝንብ እንዳይገባበት በሌላ ሳህን ከደኑ። በሩ ላይ ሲደርሱ ማሪዴል፣ መንገድ ላይ የሚቆም እንዳይኖር አለቻቸው፤ ማንም ቢጠራ፣ ምንም ቢሆን። ከቆሙ ኤልመር የቆሙበት ቦታ ይቀራል።

ከሰዓት በኋላው ፀሐይ ወጥቶ ሲሚንቶውን አድርቆት ነበር። የባጃጅ ሹፌሮቹ፣ የኤልመር ጓደኞች፣ ተራ ይዘው ተቀምጠዋል፤ ቀብሩ በስንት ሰዓት ነው ሲሏት ሳትቆም መለሰች። ዳቦ ሻጯ ከመስኮቷ ብቅ ብላ ማንግ ቱሪንግን በዚህ ሙቀት እስከ አንገትዎ ቆልፈው ሊዳሩ ነው እንዴ አለቻቸው፤ ማንም ስላልሳቀላት ሦስቱን ተራ በተራ አየችና አማተበች። የማንግ ቱሪንግ ነጠላ ጫማ ማሰሪያ ተበጠሰ። ሊያጎነብሱ ሲሉ ማሪዴል ክርናቸውን ያዘች፤ ጫማውን ትተው አንድ እግራቸውን ባዶ አድርገው ሄዱ። ጆሪክ በሌላው በኩል መጥቶ በሰው ሁሉ ፊት እጇን ያዘ። ዞር ብላ አላየችም። ከኋላቸው ግን በደረቁ ሲሚንቶ ላይ እርጥብ እግር ጣል፣ ጣል እያለ ሲከተል ይሰማት ነበር። አራማመዱን ታውቀዋለች፤ ሁልጊዜ ሰው ከቀደመው በኋላ ነው የሚፈጥነው።

ኢንጂነር ዴላ ፔኛ ሳይመሽ ቀድሟቸው ደርሷል። ከፊት ለፊት ባለው ወንበር ተቀምጦ የብርቱካን ጭማቂ ይጠጣል፤ ከሰው የሚረዝም የአበባ ጉንጉን አጠገቡ ቆሟል። ኔስቶር የጫማ ካርቶኑን ይዞ ከሣጥኑ ጎን ላቡን ይጠርጋል። ካርቶኑ ባዶ ነው። ሎሬታ ሁለት እጇን መስተዋቱ ላይ እንደ ጎጆ ገጥማ ጫጩቱን ከልላዋለች፤ ኔስቶርም የእህቱን እጅ ማንሳት አልሆነለትም። ሁሉም ያያሉ። ማሪዴል እናቷን ስታያት፣ ያ ሁሉ ዝምታ እሺታ መስሏት ኖሮ እንደተሳሳተች አወቀች።

«ቱሪንግ» አለ ኢንጂነሩ ብርጭቆውን ሳያስቀምጥ። «ዛሬ ተረኛ አይደለህም እንዴ?»

«ነኝ፣ ኢንጂነር» አሉ ማንግ ቱሪንግ፤ አልፈውትም ሄዱ።

ሣጥኑ ፊት ቆሙ። ለአለቃ የተረኛ ሪፖርት እንደሚያቀርብ ሰው እጃቸውን ወደ ጎን አድርገው፣ አጥሩን፣ ዘንጉን፣ ባትሪውን፣ ስልኩን በቅደም ተከተል ተናገሩ። ቦዩ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ተሰበረ፤ ቢሆንም አላቆሙም። ካርታ ተጫዋቾቹ ካርታቸውን ፊት ለፊት ገልብጠው ረሱት። የኔስቶር ሚስት የብስኩቱን ሳህን እንደያዘች ቀረች። ሲጨርሱ የሚሰማው የጫጩቱ ድምፅ ብቻ ሆነ፤ ከሎሬታ መዳፍ ሥር።

ያን ጊዜ ሎሬታ ተናገረች። ድምጿ ከቆየ ቦታ የወጣ ይመስል ሻክሯል።

«ውሃው ውስጥ ስትከቱት ሞቶ ነበር?»

«አልሞተም ነበር» አሉ ማንግ ቱሪንግ። «ይተነፍስ ነበር። ለኢንጂነሩም ነግሬያቸዋለሁ።»

ሎሬታ እጆቿን ከመስተዋቱ ላይ አንስታ ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ኔስቶር ካርቶኑን መሬት ጣለና በእግሩ ረገጠው፤ ሲረግጠው ማንንም አላየም። ከዚያ ወደ ማንግ ቱሪንግ ሄዶ እጃቸውን ያዘ፤ ይመታቸዋል ብለው ሰዎች ተነሱ፤ እሱ ግን፣ ወደ ጣቢያ አብረን ነው የምንሄደው፣ የተናገርከውን እዚያም እኔ ፊት ትናገራለህ ብቻ አላቸው። ለቅሶው ላይ የነበሩ ሁለት የባጃጅ ሹፌሮች ሞተር አስነሱ። ኢንጂነሩ እንቅልፍ ያጣ ሰው ብዙ ነገር ያያል፣ ነገ በጠበቃ በኩል እንነጋገራለን አለ። ወደ መውጫው ሲመለከት መንገድ ሰጡት፤ እንጀራው በአለቃው እጅ ያለ ሰው አለቃውን ክንዱን ይዞ አያስቆምም።

ጆሪክ አባቱን ተከትሎ ባጃጁ ላይ ሲወጣ ማሪዴልን አያት። ይቅርታ ሊላት እንደሆነ ስላወቀች ቀደመችው።

«ከጣቢያው ስትወጣ ወደዚህ ና» አለችው። «እራት አስቀምጥልሃለሁ።»

ከዚያ ወደ ኢንጂነሩ ዞረች። የሟች ቤተሰብ ለቅሶ የደረሰን ሰው አይሸኝም። ከመቀመጫው አይነሳም፣ በር ድረስ አይሄድም፣ ደኅና ይግቡ እንኳ አይልም፤ የሸኘው እንደሆነ ሞቱን አብሮ ይሸኝለታል። ማሪዴል ግን ከኢንጂነሩ ጎን ሆና መራመድ ጀመረች። የአጎቷ ሚስት፣ ማሪዴል ተቀመጪ አለቻት በሹክሹክታ። ሌላዋ ሴት አፏን በመሐረብ ያዘች። ኢንጂነሩ እርምጃውን ሲያፈጥን አፈጠነች፣ ሲያዘገይ አዘገየች፤ የአክብሮት እንግዳ እንደሚሸኝ ሰው እጆቿን ከፊቷ አጣምራ፣ ቦዩን ተከትለው እስከ መኪናው ድረስ።

እሱ ገብቶ መሪውን ሲይዝ እሷ የኋላውን በር ከፈተች። ከፍታም አልዘጋችውም፤ ዘግየት ብሎ የሚመጣ ሰው እንደሚጠበቅ በሩን ይዛ ቆመች። ከእጇ አንጓ አጠገብ ቅዝቃዜ አለፈ። ግራጫው የመቀመጫ ጨርቅ በመጀመሪያ በአንድ ቦታ፣ ከዚያ ሰፋ ብሎ ጠቆረ፤ ውሃ ጠጣ። ኤልመር አንድ እግሩን መቀመጫው ላይ አወጣ፣ ክንዱን ጉልበቱ ላይ ጣለ። ማሪዴል በሩን ቀስ አድርጋ ገጠመችው።

ኢንጂነሩ በመስተዋቱ ወደ ኋላ ተመለከተ፣ ቀጥሎም መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ወደ እሷ። «ምንድን ነው ያስገባሽው?»

«ቀብሩ ነገ ጠዋት ነው፣ ኢንጂነር» አለች ማሪዴል። «እስከዚያ ወንድሜን ይዘውልኝ ይምጡ።»